ሠላሳ ሁለት ድንች

ከቺሊ ደቡብ፣ ቺሎዬ ደሴት፣ ዝናብ ከቆርቆሮ ጋር ሙግት በገጠመበት፣
ከቀትር በኋላ ጀልባ በማይመጣበት፣
ኤደልሚራ ካርካሞ፣ የሒሳብ መምህርት፣
ቅፅ ትሞላለች፣ ይኸው ለሦስተኛ ዓመት።

«የፕሮጀክቱ ስም?» ይላል። ጣቷን ታነሣና
«ኮምፒውተር ለልጆች» ብላ ትጀምርና
ትሰርዘዋለች፤ አምናም
ያው ስም ነበርና።

«ችግሩን ይግለጹ፣ ከአምስት መቶ ፊደል ሳይበልጥ።»
ችግሩ አንሶላ አይደል፣ በየት ይታጠፍ፣ በየት ይቆረጥ?
አሥራ አንድ ማሽን ነበር፣ ባንክ ቤት አርጅቶ የጣለው፤
ሰባቱን የባሕር ጨው ጨረሰው፣
ሦስቱ ከበሩ በኋላ ማን እንደ ሆኑ ይረሳሉ፣
አንዱ ደህና ነው፤
እሱም ይህን ቅፅ የሚሞላው።

ልጆቹ ሃያ ሦስት ናቸው።
ማሽን የለም ብላ ወደ ቤት አትሰዳቸው፤
ሐሙስ ሐሙስ ከሽማግሌው ሮሳሜል ጓሮ
አንድ ጆንያ ድንች ይመጣል፣ አፈሩ ሳይራገፍ ታስሮ፤
ቀይ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ እንደ ጣት የቀጠነ፣
እንደ ተኮሳተረ ፊት ጎድጎድ ጎድጎድ የሆነ።

«ደርድሩ» ትላለች፤ «ግን ሕጉን አትርሱት፦
ሁለት ጎረቤታም ብቻ ነው የምታዩት፤
ትልቁ በግራ ካለ ቦታ አለዋውጡት፤
ከዳር ስትደርሱ ከመጀመሪያው ድገሙት፤
የሚለዋወጥ ሲጠፋ፣ ያኔ ነው የምትተዉት።»

ዬርኮ፣ እጁ ጭቃ በጭቃ፣ ቀና ብሎ ያያታል፤
«ማሽኑም እንዲህ ነው እንዴ የሚያስበው?» ይላታል።
«እንዲሁ ነው፤ ግን ይፈጥናል፣
ደግሞም አይርበው።» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ያስና አልሳቀችም። ዐይኗን ከድንቹ ሳትነቅል፣
«ለሁለት ከፍለን፣ ለየብቻ ደርድረን፣ ኋላ ብናዋህድ አይቀል?»
ይህን ማንም አልነገራት፤
በጭቃ ጣቷ ነው ያገኘችው፣ ከጆንያው ግርጌ ተቀምጣ።
ኤደልሚራ መልስ አልሰጠችም። ወደ መስኮቱ ዞረች፤
ዝናቡን የምታይ መስላ በእጅጌዋ ዐይኗን ጠረገች።

«የሚለካ ውጤት፣ በቁጥር ብቻ» ይላል ደግሞ።
ያቺ ሐሙስ በስንት ትጻፍ?
አንድ ብትላት ታንሳለች፣ መቶ ብትላት ውሸት ነው፤
ባዶውን ልተው ብትል፣ ሳጥኑ ቀይ ለብሶ አላሳልፍ አለ፤
«23» ብላ አለፈች። እንደ ተሰረቀ ሰው ሆነች።

«ዘላቂነት፦ ገንዘባችን ሲያልቅ ምን ይቀራል?»
«እኔ እቀራለሁ» ጻፈች። አጠፋችው፤ ትዕቢት ይመስላል።
«ልጆቹ ይቀራሉ።» ይህም አይሆንም፤ አሥራ ስምንት ሲሞላው ማን ይቀራል?
ጀልባው ወደ ሳልሞን ፋብሪካ፣ ወደ ፖርቶ ሞንት ይወስደዋል።
«መጠየቅን የለመደ ሰው» አለች በመጨረሻ፣
ፊደል አልቆባት፣ ነጥብ እንኳ ሳይተርፍ ለመዝጊያ።

ሠንጠረዥ አራት፣ በእጅ ያለ መሣሪያ፦
ማሽን፣ አንድ። ሰሌዳ፣ አንድ፣ የተሰነጠቀ።
ድንች፣ ሠላሳ ሁለት።
ይህን ስትጽፍ፣ በሌሊቱ መካከል፣ ፊቷ ሳቀ።

ቀነ ገደቡ እኩለ ሌሊት ነው፤ ኔትወርኩ ግን ቀድሞ ተኛ።
ቅፁን በስልኳ ይዛ ወደ መቃብሩ ኮረብታ ወጣች፤
በዚህ ደሴት ሲግናል ያለው ከሙታን ዘንድ ነው።
በአንድ የማታውቀው ሰው መስቀል ተደግፋ
«ላክ» የሚለውን ነካች፤ ስድስት ደቂቃ ሲቀር።

በሦስተኛው ወር ደብዳቤ ደረሰ፤ ጨዋ ነው፣ ለስላሳ፦
«ጥረትዎን እናደንቃለን። ሆኖም ሠንጠረዥ አራት ድንች ይላል፤
ምግብ በደንባችን አይሸፈንም።
በሚመጣው ዓመት አስተካክለው ይላኩ።»

ለልጆቹ አነበበችላቸው፣ አንድ ቃል ሳትዘል።
ሐሙስ ነበር።
«ታዲያ» አለ ዬርኮ፣ «ምግብ ነበር ወይስ መሣሪያ?»
«እስከ አሥር ሰዓት መሣሪያ፤
ምግብ ነው ከዚያ ወዲያ።»

ሰዓቱን አዩ። ድስቱ በምድጃው ተጣደ።
ዬርኮ ከረድፉ ጫፍ ትንሿን አነሣና ሊጨምር ሲል፣
ያስና እጁን ያዘችው፦
«ቆይ፣ ከትልቁ እንጀምር፤
እሱ ነው ቶሎ የማይበስል።»